የኢትዮጵያ የዲፕሎማሲ አቋም በእስራኤልና በፍልስጤም ግጭት ላይ

ኢትዮጵያ ለእስራኤልም ለፍልስጤምም የመንግሥትነት ዕውቅና ሰጥታለች፤ የሁለቱም ኤምባሲዎች በአዲስ አበባ ይገኛሉ። አቋሟ ከንጉሡ ዘመን እስከ ዛሬ ሲለዋወጥ ቢቆይም፣ በወሳኝ ድምፅ አሰጣጦች ላይ ድምፀ ተዓቅቦን መምረጧ ተደጋግሞ ይታያል። (ዓመቶቹ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

አጭር ታሪክ

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በኅዳር 1947 ፍልስጤምን ለሁለት የመክፈሉን ዕቅድ ሲያጸድቅ ኢትዮጵያ ድምፀ ተዓቅቦ አደረገች። ለእስራኤል ሙሉ ዕውቅና የሰጠችው በ1961 ነው። በ1967 የጸጥታው ምክር ቤት አባል ስለነበረች፣ በጦርነት መሬት መያዝን ተቃውሞ በሙሉ ድምፅ ለጸደቀው ውሳኔ 242 ድጋፏን ሰጥታለች። በጥቅምት 1973 ከእስራኤል ጋር የነበራትን ግንኙነት አቋረጠች፤ በ1989 ደግሞ መልሳ ጀመረች። ለፍልስጤም መንግሥት ዕውቅና የሰጠችውም በዚያው ዓመት ነው።

የ1973ቱ መቋረጥ

ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከእስራኤል ጋር በወታደራዊ ሥልጠና ተሳስረው ሳለ ለምን ግንኙነቱን አቋረጡ? በዚህ ላይ ስምምነት የለም። አንዳንዶች የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን ግፊት ያስቀድማሉ፤ በዚያው ዓመት ሊቢያ የድርጅቱ ዋና ጽሕፈት ቤት ከአዲስ አበባ እንዲነሣ ጠይቃ ነበርና። ሌሎች በእስራኤልና በዓረብ አገሮች መካከል የተካሄደውን የጥቅምቱን ጦርነትና የዓረብ አገሮችን ጫና ያነሣሉ። በጦርነት መሬት መያዝን የመቃወም መርሕ፣ በ1935 ራሷ ለተወረረች አገር ቀላል ነገር እንዳልነበረም መዘንጋት አይገባም። ምናልባት ሦስቱም አብረው ሠርተዋል። የተቋረጠው ግን ይፋዊው ግንኙነት ብቻ ነበር፤ በደርግ ዘመን እስራኤል በድብቅ የጦር መሣሪያ ትሰጥ እንደነበር የአገሪቱ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሞሼ ዳያን በ1978 በይፋ ተናግረዋል።

የዴር ሡልጣን ጉዳይ

ኢየሩሳሌም ለኢትዮጵያ የውጭ ፖሊሲ ርዕስ ብቻ አይደለችም። በከተማዋ የሚገኘው የደብረ ገነት ቤተ ክርስቲያን በአፄ ዮሐንስ 4ኛ ተጀምሮ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ተጠናቋል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በ1936 ሲሰደዱ መጀመሪያ ያረፉት በኢየሩሳሌም ነበር።

ይበልጥ አከራካሪ የሆነው ግን በጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ ያለው የዴር ሡልጣን ገዳም ነው። ኢትዮጵያውያን መነኮሳትና የግብፅ ኮፕቶች ስለ ባለቤትነቱ ለረጅም ዘመን ሲከራከሩ ኖረዋል። ከተማዋ በዮርዳኖስ እጅ ሳለች፣ በ1961 የዮርዳኖስ መንግሥት ለኢትዮጵያውያን ፈርዶ ብዙም ሳይቆይ ውሳኔውን አገደው። ከተማዋ በእስራኤል እጅ ከገባች በኋላ፣ በ1970 የትንሣኤ ሌሊት ኢትዮጵያውያኑ የአርባዕቱ እንስሳንና የቅዱስ ሚካኤልን ቤተ ጸሎቶች ቁልፎች ቀይረው ያዙ። በ1971 የእስራኤል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ቁልፎቹ ለኮፕቶች እንዲመለሱ ቢወስንም፣ መንግሥት ጉዳዩን መርምሮ እንዲወስን ዕድል ሰጠ፤ መንግሥትም አልመለሰም። እስራኤል ኢትዮጵያን ላለማስቀየም፣ ግብፅንም ላለማጣት ስትል ጉዳዩን እንዳንጠለጠለችው የሚገልጹ ጸሐፊዎች አሉ። ያም ሆነ ይህ፣ መነኮሳቱ በድህነትና በጸሎት ያቆዩት ይህ ይዞታ፣ የኢየሩሳሌም ጉዳይ በተነሣ ቁጥር በአዲስ አበባ ሊታሰብ የሚገባው ነው።

የድምፅ አሰጣጥ

በ1975 ጽዮናዊነትን ከዘረኝነት ጋር ባመሳሰለው ውሳኔ ላይም፣ በ1991 ያንኑ በሻረው ላይም ኢትዮጵያ ድምፀ ተዓቅቦ አድርጋለች። በ2012 ፍልስጤም አባል ያልሆነች ታዛቢ አገር እንድትሆን ደግፋለች። በታኅሣሥ 2017 የጸጥታው ምክር ቤት አባል ሆና፣ የኢየሩሳሌምን ይዞታ በተናጠል መቀየርን ለሚቃወመው ረቂቅ ድጋፏን ሰጠች፤ ረቂቁ በአሜሪካ ድምፅን በድምፅ የመሻር መብት ወደቀ። በጥቅምት 2023 ስለ ጋዛ ሰብአዊ ተኩስ ማቆም በቀረበው ውሳኔ ላይ ደግሞ ድምፀ ተዓቅቦ አደረገች።

ከእነዚህ ድምፆች የሚነበበው፣ ለፍልስጤማውያን መንግሥትነት የምትሰጠውን ድጋፍ ከእስራኤል ጋር ካላት ወዳጅነት ጋር አጣምራ ለመያዝ መሞከሯ ነው። ይህ አካሄድ ለሁለቱም ሕዝቦች ሰላም የሚጠቅመው ግን በሲቪሎች ሞት ላይ በግልጽ ሲናገር ብቻ ነው።

የአፍሪካ ኅብረት

የኅብረቱ መቀመጫ አዲስ አበባ በመሆኑ ክርክሩ ወደ ከተማዋም ይመጣል። እስራኤል በ2021 የታዛቢነት ዕውቅና አግኝታ ነበር፤ ጉዳዩ በአባላቱ ዘንድ ከፍተኛ ልዩነት ፈጠረ። በየካቲት 2023 የእስራኤል ተወካይ ከመሪዎቹ ጉባኤ መክፈቻ እንዲወጡ ተደርጓል።