ከካንዴላ ወደ ናፍጣ፦ በዋጃ መንገድ የጭነት መኪና ሞተር ቅየራ

ዋጃ ከቆቦ ወደ አላማጣ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ በራያ ሜዳ የምትገኝ ከተማ ናት። አዲስ አበባን በደሴ በኩል ከመቀሌና ከአስመራ የሚያገናኘው ይህ መንገድ በጣልያን ወረራ ዘመን ለከባድ መኪና ሲሠራ የሞተር ጥገና ሙያም አብሮት ገባ። አላማጣ ሲታለፍ የግራካሱ ጠመዝማዛ ይጀምራል፤ መኪናው ከ1,500 ሜትር ገደማ ተነስቶ ኮረም ላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ይደርሳል። በቆላው ሙቀት ተጉዞ ያን ዳገት ጭነት ይዞ የሚወጣ ሞተር ቶሎ ያልቃል። ሻሲው ግን ዕድሜ አለው፤ ስለዚህ ባለመኪናው ሞተር ይለውጣል።

በመንገዱ ላይ ከመጀመሪያ ጀምሮ ሁለት ዓይነት ሞተር ነበር። ጣልያኖች ይዘዋቸው ከመጡት መካከል እ.ኤ.አ. በ1931 መሠራት የጀመረው ፊያት 634፣ በሾፌሮች አጠራር ትሬንታ ኳትሮ፣ በናፍጣ የሚሄድ ነው። ሚያዝያ 18 ቀን 1933 ዓ.ም. ደሴን የያዘው የደቡብ አፍሪካ ጦር በዚሁ መንገድ ወደ አምባላጌ ሲገሰግስ ደግሞ የቤንዚን ፎርድና ሸቭሮሌት አብረው መጡ። ግንቦት 11 ቀን አምባላጌ ላይ ጣልያኖች እጃቸውን ሲሰጡ የሁለቱም ወገን መኪኖች አገር ውስጥ ቀሩ፤ ከጣልያን መካኒኮችም የቀሩ ነበሩ። ካንዴላ (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው)፣ ቦቢና (ለብልጭታው ከፍተኛ ቮልት የሚሰጠው ጥቅል ሽቦ)፣ ፑንቲና (የቦቢናውን ኤሌክትሪክ የሚያገናኘውና የሚያቋርጠው)፣ ሞተሪኖ (የማስነሻ ሞተር) እና ማኖቬላ (በእጅ የሚዞር ማስነሻ) የሚሉት ስሞች እስካሁን በጋራዥ የሚነገሩት ከዚያ ዘመን ወርሰናቸው ነው።

የቤንዚን ሞተር ከአንድ መኪና ወጥቶ ሌላው ላይ ሲገጠም ከብሎኑ ይልቅ የሚያስቸግረው ሽቦው ነው። በዘመኑ የነበሩት የአሜሪካ መኪኖች 6 ቮልት ናቸው። ፎርድ የባትሪውን ፖዘቲቭ ከሻሲው ጋር ያስራል፤ ሸቭሮሌት ነጌቲቩን። ይህ ሳይታይ ቦቢናው በተገላቢጦሽ ከታሰረ ሞተሩ አይነሳም ማለት አይደለም፤ ይነሳል፣ ነገር ግን ብልጭታው ደካማ ስለሚሆን ዳገት ላይ ጭነት ሲበዛበት መንጠቅ ይጀምራል። ችግሩ ሜዳ ላይ ሳይታይ ግራካሱ ላይ የሚወጣው ለዚህ ነው። ኋላ የመጡት የ12 ቮልት ሞተሮች ሌላ ጣጣ አመጡ። ብዙዎቹ ቦቢናዎች በሬዚስታንስ በኩል አነስ ያለ ቮልት እንዲያገኙ፣ ሞተሪኖው ሲዞር ብቻ ሙሉውን እንዲወስዱ የተሠሩ ናቸው። ሬዚስታንሱ በአሮጌው ሻሲ ላይ ተረስቶ ሲቀር ቦቢናው ይግላል፣ ፑንቲናው ይቃጠላል። የራያ ሙቀት ደግሞ ያፋጥነዋል።

ቀጥሎ የሚመጣው የብልጭታው ሰዓት ነው። የመጀመሪያው ሲሊንደር ምልክቱ ላይ ይቆማል፤ ፑንቲናው 0.4 ሚሊሜትር አካባቢ እንዲከፈት ይስተካከላል። ከቦቢናው ወደ ፑንቲናው በሚሄደው ሽቦና በሞተሩ አካል መካከል አምፖል ይያዛል። ቁልፉ ተከፍቶ ዲስትሪብዩተሩ በእጅ ቀስ እየተባለ ሲዞር አምፖሉ ቦግ የሚልበት ቦታ ፑንቲናው የተከፈተበት፣ ካንዴላው ብልጭ የሚልበት ነው፤ ዲስትሪብዩተሩ እዚያ ይታሰራል። ከዚያ የካንዴላ ሽቦዎቹ በአዲሱ ሞተር ተራ ይሰካሉ፦ ለተለመደው ባለ ስድስት 1-5-3-6-2-4፣ ለአብዛኛው ባለ አራት 1-3-4-2። አየሩ በሳሳበት ኮረም ብልጭታውን ትንሽ ማስቀደም ይጠቅማል፤ ያው ልክ ቆቦ ሜዳ ሲደርስ ሞተሩን ያንኳኳል። ሁለቱን አገር የሚሠራ መኪና ከመካከል መወሰን ነበረበት።

ይህን ሁሉ ያስቀረው ናፍጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 የወጣው ፊያት 682፣ በተለይ ኤንትሬ የሚባለው ዓይነቱ፣ የአገሪቱ ጭነት ተሸካሚ ሆነ፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1960ዎቹ መጀመሪያም ፊያትን የሚገጣጥመው አምቼ አዲስ አበባ ላይ ተቋቋመ። በደርግ ዘመን የመጡት ዚል 131 እና ኡራል 375 ግን ባለ ስምንት ሲሊንደር የቤንዚን መኪኖች ነበሩ። የብልጭታ መሣሪያቸው ውሃ እንዳይገባውና ሬዲዮ እንዳይረብሽ በብረት የታሸገ በመሆኑ ከሌላ መኪና ዕቃ ጋር ማዳቀል አይመችም። የኡራሉ ሞተር 7 ሊትር ይሆናል፤ ቤንዚን በራሽን በሚታደልበት አገር ይህን ማቆየት የሚችለው ሠራዊት ብቻ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የቤንዚን መኪና ወደ ናፍጣ ሲለወጥ ቦቢና፣ ዲስትሪብዩተርና የካንዴላ ሽቦ ወጥተው ይጣላሉ፤ የሽቦ ሥራው ግን አይቀርም። ካንዴሌታ (ሞተሩ ሳይነሳ ሲሊንደሩን የሚያሞቀው) ያለው ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ከሆነ አራቱ አንድ ላይ 40 አምፔር ያህል ሊስቡ ስለሚችሉ፣ በአሮጌው የቁልፍ ሽቦ በኩል ከተሰጣቸው ሽቦው ይቀልጣል፤ ወፍራም ገመድና ሪሌይ ያስፈልጋል። ዋጃ ላይ ሞተሩ ያለ ካንዴሌታ ይነሳ ይሆናል፤ የኮረም ብርድ ግን ያጋልጠዋል። ቁልፍ መንቀልም ብቻውን አሮጌ ናፍጣ ሞተር አያጠፋም፤ ናፍጣ የሚገፋውን ፖምፓ የሚዘጋ የሚሳብ ገመድ ወይም በቁልፉ የሚሠራ ሶሌኖይድ መግጠም ግድ ነው። ሞተሪኖው 24 ቮልት፣ መብራቱ 12 ሲሆን ብዙ ጊዜ የሚደረገው ሁለት ባትሪ ቀጥሎ ለመብራቱ ከአንዱ ብቻ መውሰድ ነው። ርካሽ መላ ነው፤ ነገር ግን አንዱ ባትሪ ሲራብ ሌላው ከልክ በላይ ስለሚሞላ ሁለቱም ቶሎ ይሞታሉ።

ሞተሩ ተገጥሞ ሲያልቅ ወረቀቱ ይቀራል፤ ሊብሬ ላይ የሻሲም የሞተርም ቁጥር ስለሚመዘገብ የተለወጠ ሞተር በመዝገብ መስተካከል አለበት። በቅርቡ ዘመን ሞተሮች ደግሞ ሽቦው እንደገና ዋናው ነገር ሆኗል። የናፍጣውን መርጨት የሚያዘው ኮምፒውተር ስለሆነ ሞተሩ ከነሴንሰሩ፣ ከነኬብሉና ብዙ ጊዜ ከራሱ ቁልፍ ጋር ካልመጣ አይነሳም። ለአሮጌ ሻሲ በሜካኒካል ፖምፓ የሚሠራ ያገለገለ ሞተር የሚመረጠው ለዚህ ነው፤ እሱን ለማስነሳት ባትሪ፣ ሞተሪኖና ማቆሚያ ገመድ ይበቃሉ።