የሐይቅ ተጓዥ ተማሪዎች

በደቡብ ወሎ ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኘው የሐይቅ አካባቢ፣ ወጣቶች ከትውልድ ቀያቸው ወጥተው ዕውቀትን ከመምህሩ ደጅ የሚሹበትና የወደፊት ሙያቸውን ባለሙያው ሲሠራ አይተው የሚለዩበት ልማድ፣ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ወደ አገሩ ከመግባቱ ከስድስት መቶ ዓመታት በላይ አስቀድሞ ሥር የሰደደበት ሥፍራ ነው።

የልማዱ መሠረት በ13ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ገደማ አቡነ ኢየሱስ ሞአ በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያቋቋሙት ትምህርት ቤት ሲሆን፣ መሥራቹ ራሳቸውም በትግራይ ደብረ ዳሞ በአባ ዮሐኒ ሥር ተምረው የመጡ ተጓዥ ተማሪ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1280 ገደማ ያስጻፉት ወንጌል ሥዕላቸውንና ለገዳሙ የሰጧቸውን መጻሕፍት ዝርዝር ይዞ እስከ ዛሬ መቆየቱ፣ በዚያን ጊዜ ደሴት የነበረው ይህ ሥፍራ (ዛሬ ከየብሱ ጋር ተያይዟል) ከጸሎት ባሻገር የመጽሐፍ ቤት እንደነበረ ያስረዳል። ከደቀ መዛሙርታቸው አንዱ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ናቸው፤ እንደ ገድላቸው ትረካ ከሐይቅ ተነሥተው መምህራቸው ወደ ተማሩበት ወደ ደብረ ዳሞ ከወጡ በኋላ ወደ ሸዋ ተመልሰው፣ በኋላ ደብረ ሊባኖስ የተባለውን ገዳም መሠረቱ። ተማሪው የመምህሩን መምህር አገር ድረስ ሄዶ ማየቱ በዚህ ታሪክ ውስጥ እጅግ ሊስተዋል የሚገባው ነገር ነው።

ይህ የመዘዋወር ሥርዓት በኋለኞቹ ዘመናት በቆሎ ተማሪ ሕይወት ውስጥ ጸንቶ ኖረ። ደበሎ ለብሶ፣ የለመነውን እህል የሚያጠራቅምበትን አኩፋዳ አንግቶና ዱላውን ይዞ የሚጓዘው ተማሪ፣ ቅኔን በዋድላ፣ ድጓን (የዓመቱን የዜማ መጽሐፍ) በቤተ ልሔም፣ አቋቋምን (በጸናጽልና በመቋሚያ የሚቀርበውን ዝማሬ) በጎንደር እየተማረ፣ ሊቃውንቱ ፊት ቀርቦ ዕውቀቱን ካስመሰከረ በኋላ መምህር ይሆን ነበር። ሥርዓቱ ዕድሉን ከሞላ ጎደል ለወንዶች ብቻ መስጠቱ ግን ሊሸፈን የማይገባው ጉድለቱ ነው።

በ20ኛው መቶ ዘመን ዘመናዊ ትምህርት ሲስፋፋ የጉዞው አቅጣጫ ተለወጠና፣ በደሴ የወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት የወሎን ወጣቶች ከየአውራጃው ሳበ። ከዚያም ወዲህ በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ መሰጠት ሲጀምር፣ ብዙ ተማሪዎች የዩኒቨርሲቲን ግቢ ለመጀመሪያ ጊዜ የረገጡት ለመፈተን ሆነ። ይህ ግን ተማሪው ሙያውን አይቶ የሚለይበትን የትምህርት ጉብኝት ሊተካ አይችልም፤ ለፈተና የገባ ተማሪ ቤተ ሙከራውን፣ ቤተ መጻሕፍቱንና ወርክሾፑን ሳያይ፣ ምሩቁ ምን እየሠራ እንደሚኖር ሳይጠይቅ ይመለሳል፤ የትምህርት መስኩንም በስም ብቻ ይመርጣል።

ለሐይቅና ለአጎራባቹ አምባሰል ተማሪዎች ደግሞ የሙያ ጉብኝት ሁልጊዜ ሩቅ አገር አያስኬድም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ቆሮሶ የተባለው ዓሣ የገባበት ሐይቅ ለዓሣ ሀብት ሙያ፣ የገዳሙ ብራናዎች ለታሪክና ለቅርስ ጥበቃ ሙያ፣ ወሎ ዩኒቨርሲቲም በደሴና በኮምቦልቻ ግቢዎቹ ለሕክምናና ለምህንድስና ሙያ በቅርብ ርቀት ላይ ስለሚገኙ፣ ትምህርት ቤቶቹ እነዚህን በዓመታዊ ዕቅዳቸው አስገብተው ሴትና ወንድ ተማሪዎችን በእኩል ቢወስዱ፣ ተማሪዎቹ ለዩኒቨርሲቲ ምደባ ቅጹን ከመሙላታቸው በፊት ባለሙያውን በሥራው ላይ አግኝተው ሊጠይቁት ይችላሉ።