የአንኮበር የሚሲዮን ትምህርት

የአንኮበር የሚሲዮን ትምህርት በሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ ከ1839 እስከ 1842 እ.ኤ.አ. ድረስ፣ በእንግሊዙ የቤተ ክርስቲያን ሚሲዮናውያን ማኅበር የተላኩት ጀርመናውያን ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍና ካርል ዊልሄልም ኢሰንበርግ በአንኮበር ሕፃናትን ለማስተማር ያደረጉት ውስን ሙከራ ነው። ሁለቱ በሰኔ 1839 እ.ኤ.አ. ንጉሡ ፊት ቀርበው ነበር፤ ኢሰንበርግ ግን በዚያው ዓመት በኅዳር ተመለሰ፣ ሥራውም ለክራፕፍ ብቻ ቀረ።

የሙከራው ድክመት የተማሪ ማነስ ብቻ አልነበረም። ሸዋ ቀድሞውኑ የቤተ ክህነት ትምህርት፣ ማለትም ከፊደልና ከዳዊት ንባብ ተነሥቶ እስከ ዜማና ቅኔ የሚዘልቅ ሥርዓት ነበራት፤ ስለዚህ ክርስቲያን ለሆነ ሕዝብ ክርስትናን ለማስተማር የመጣ እንግዳ በካህናቱ ዘንድ በጥርጣሬ መታየቱ አያስደንቅም። ንጉሡም ቢሆን ከሰባኪ ይልቅ ሐኪም፣ ግንበኛና አንጥረኛ፣ ከሁሉም በላይ የጦር መሣሪያ ይፈልግ ነበር፤ ይህም ከእንግሊዙ መልእክተኛ ከሻምበል ሃሪስ ጋር በኅዳር 1841 እ.ኤ.አ. ከተፈራረመው ውል ጋር አብሮ ሲታይ ግልጽ ይሆናል።

ከዚህ ጥረት የዘለቀው ፍሬ ከትምህርት ቤቱ ይልቅ መጻሕፍቱ ናቸው፦ ኢሰንበርግ የአማርኛ መዝገበ ቃላትን በ1841፣ ሰዋስውን በ1842 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ አሳተመ፣ ክራፕፍም በአንኮበር ሳለ ኦሮምኛን አጥንቶ ወንጌልን መተርጐም ያዘ። በመጋቢት 1842 እ.ኤ.አ. ሸዋን ለቅቆ ከወጣ በኋላ እንዳይመለስ ተከለከለና ወደ ሞምባሳ አቀና።