የዕድል ነጥብ (የሚና ጨዋታ)

የዕድል ነጥብ በጠረጴዛ ዙሪያ በሚደረግ የሚና ጨዋታ ውስጥ ተጫዋቹ የዳይስ ውጤትን ለማሻሻል፣ ጀግናውን ከሽንፈት ለማትረፍ ወይም በታሪኩ ላይ አንድ ነገር ለመጨመር የሚያወጣው፣ በቁጥር የተወሰነ ሀብት ነው። እንደየጨዋታው የጀግና ነጥብ፣ ካርማ ወይም ሌላ ስም ይሰጠዋል። ደንቡ በብዙ ዓይነት የሚና ጨዋታዎች ቢገኝም በተለይ የዳበረው በልዕለ ጀግና ጨዋታዎች ነው። በኮሚክ መጽሐፍ ጀግናው በመጨረሻዋ ሰከንድ የሚወድቀውን ሕንጻ ደግፎ ሲያቆም አንባቢው አይገረምም፤ ሃያ ገጽ ባለው ዳይስ ግን እንዲህ ያለው ነገር ከሃያ አንዴ ብቻ ሊሳካ ይችላል። የዕድል ነጥብ ይህን ክፍተት ለመሙላት የተዘጋጀ ነው።

በአማርኛ «የአርባ ቀን ዕድል» ሲባል ለሰው አስቀድሞ የተወሰነለት፣ የማይጨመርና የማይቀነስ ነገር ማለት ነው። የዕድል ነጥብ ግን ይቆጠራል፣ ይወጣል፣ ያልቃል፣ ተመልሶም ይገኛል። ከዕድል ይልቅ ለኪስ ገንዘብ ይቀርባል።

የጨዋታው አካሄድ

በሚና ጨዋታ አንድ ሰው መሪ ይሆናል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ጀግና ይዘው ይጫወታሉ። መሪው ሁኔታውን ይተርካል፣ ተጫዋቾቹ ጀግኖቻቸው የሚያደርጉትን ይናገራሉ፣ ውጤቱ የማያስተማምን ሲሆን ደግሞ ዳይስ ይጣላል። በብዙዎቹ ጨዋታዎች በወጣው ቁጥር ላይ የጀግናው ችሎታ ተደምሮ መሪው ከወሰነው የክብደት ቁጥር ጋር ይነጻጸራል፤ እኩል ከሆነ ወይም ከበለጠ ድርጊቱ ተሳክቷል።

ዳማና ገበጣ ዕድል የማይገባባቸው ጨዋታዎች ናቸው፤ ሁሉም ነገር በሁለቱ ተጫዋቾች ፊት ተዘርግቷል። በሉዶ ደግሞ ስድስት ካልወጣ ጠጠሯ ከቤቷ አትወጣም፤ ተጫዋቹ ምንም ያህል ቢያስብ የሚያደርገው ነገር የለም። የዕድል ነጥብ የሉዶን ዓይነት ብስጭት ለመቀነስ የመጣ ነው ቢባል ከእውነት ብዙም አይርቅም።

አመጣጥ

እ.ኤ.አ. በ1974 የታተመው የመጀመሪያው ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ እንዲህ ያለ ደንብ አልነበረውም። በ1980 ቲኤስአር የተባለው አሳታሚ ያወጣው ቶፕ ሲክሬት የተሰኘ የስለላ ጨዋታ ሰላዩን ከሞት የሚያተርፉ የዝናና የዕድል ነጥቦችን አስገባ። በ1983 የወጣው የጀምስ ቦንድ 007 ጨዋታ አንድ እርምጃ ቀጠለ፤ ተጫዋቹ እጅግ ጥሩ ውጤት ሲጥል የጀግና ነጥብ ያገኛል፣ ነጥቡንም በኋላ የሌላን ድርጊት ውጤት በአንድ ደረጃ ለማሻሻል ያወጣዋል።

በልዕለ ጀግና ጨዋታዎች በኩል በ1981 የወጣው ቻምፒየንስ ዕድልን የተመለከተው በሌላ መንገድ ነው። እዚያ ዕድል ጀግናው ሲፈጠር እንደ መብረር ወይም እንደ ጉልበት የሚገዛ ችሎታ ነው። ተጫዋቹ በገዛው ልክ ባለ ስድስት ገጽ ዳይሶች ይጣላሉ፣ ስድስት ያሳዩት ይቆጠራሉ፣ ምን መልካም ነገር እንደሚደርስለት ግን የሚወስነው መሪው ነው። ስለዚህ የሚቆጠብም የሚወጣም ነገር የለም።

እውነተኛው ለውጥ የመጣው ጄፍ ግሩብ በነደፈውና ቲኤስአር በ1984 ባሳተመው ማርቨል ሱፐር ሂሮስ ነው። የዚህ ጨዋታ ነጥብ ካርማ ይባላል። ጨዋታው ከ1 እስከ 100 የሚያወጣ የዳይስ ጥንድ ስለሚጠቀም እያንዳንዱ የካርማ ነጥብ በቀጥታ በወጣው ቁጥር ላይ ይደመራል። በ1986 በወጣው የላቀ እትም ተጫዋቹ ካርማ እንደሚያወጣ ዳይሱን ከመጣሉ በፊት መናገር አለበት፤ ከተናገረ ደግሞ ቢያንስ 10 ነጥብ ይከፍላል። ለምሳሌ 76 ያስፈልገው የነበረ ሰው 58 ቢያወጣ 18 ካርማ ጨምሮ ይሞላዋል። 80 ቢያወጣ ግን ነጥቡ ባያስፈልገውም 10ሩ ሄደበት።

ካርማ የሚገኘው ወንጀል በማስቆም፣ ሰው በማዳንና ቃል በመጠበቅ ነው። ጀግናው ሰው ከገደለ ያለው ካርማ በሙሉ ይጠፋል። መሪው «ጀግና አይገድልም» እያለ መስበክ ሳያስፈልገው ደንቡ ራሱ ተጫዋቹን ይገታዋል፤ የግሩብ ንድፍ ከሌሎቹ የሚለየው በዚህ ነው።

የቁጠባ ችግር

በ1985 ሜይፌር ጌምስ ያሳተመውና ግሬግ ጎርደን የነደፈው ዲሲ ሂሮስም የጀግና ነጥብ ነበረው። ተጫዋቹ ነጥቡን ከፍሎ የጥቃቱን ወይም የመከላከያውን ቁጥር ከፍ ያደርጋል፣ የደረሰበትንም ጉዳት ይቀንሳል። ነገር ግን ሁለቱም ጨዋታዎች አንድ ድክመት ነበረባቸው። የጀግናውን ችሎታ በዘላቂነት ለማሳደግ የሚከፈለውም ይኸው ነጥብ ነው። ተጫዋቹ ለአንዲት ጭንቅ ደቂቃ ነጥብ ባወጣ ቁጥር ከነገው ዕድገቱ ላይ ይቀንሳል።

ውጤቱ የሚገመት ነው። ለቤት ኪራይ የተቀመጠ ገንዘብ ለሻይ እንደማይነካው ሁሉ ጠንቃቃው ተጫዋች ነጥቡን ያከማቻል። ለጓደኞቹ ሲል የሚያወጣው ተጫዋች ደግሞ ጀግናው ከሌሎቹ ወደ ኋላ ይቀራል። ራሱን ለሌሎች አሳልፎ የሚሰጥ ገጸ ባሕሪ ይዞ የሚጫወተውን ሰው ደንቡ በለጋስነቱ ይቀጣው ነበር ማለት ነው።

በሚውታንትስ ኤንድ ማስተርማይንድስ

ስቲቭ ኬንሰን የነደፈውና ግሪን ሮኒን በ2002 ያሳተመው ሚውታንትስ ኤንድ ማስተርማይንድስ ሁለቱን ነገሮች ለያያቸው። ጀግናው የሚያድገው በአንድ ዓይነት ነጥብ ነው፤ በጭንቅ ጊዜ የሚወጣው ሌላ ነው። በሦስተኛው እትም (2011) እያንዳንዱ ተጫዋች ጀብዱውን የሚጀምረው በአንድ የጀግና ነጥብ ነው። ጀብዱው ሲያልቅ ያልወጣ ነጥብ ሁሉ ይሰረዛል። ስለዚህ ማከማቸት ትርጉም የለውም።

ሌላ ነጥብ የሚገኘው በዋናነት በመከራ ነው። ጀግናው ሲፈጠር ጣጣዎቹ አብረው ይጻፋሉ፤ የሚደብቀው ማንነት፣ የሚወዳት እናት፣ የሚፈራው ነገር። መሪው ከእነዚህ አንዱን አምጥቶ ጀግናውን ሲያደናቅፈው ተጫዋቹ አንድ ነጥብ ይከፈለዋል። ኢታን ኮሚክስ በ2018 በአማርኛና በእንግሊዝኛ ያሳተመውን የበሥራት ደበበን «ጀምበር» ለሚያውቅ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይሆንም። የታሪኩ ባለቤት አማኑኤል ጥላሁን ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ አዲስ አበባ ውስጥ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ነው። እንዲህ ያለ ጀግና ወደ ጨዋታው ቢገባ ሥራ ፍለጋው አንድ ጣጣ ሆኖ ይጻፋል፤ የቅጥር ፈተናውና አደጋው በአንድ ሰዓት ሲገጣጠሙ ፈተናው ቢያመልጠውም ነጥቡን ያገኛል። በተመሳሳይ መንገድ መሪው ባላንጣው እንዲያመልጥ ብሎ ለታሪኩ ሲል ደንቡን ካጠፈ ለተጎዳው ተጫዋች ነጥብ ይሰጣል። ጀግኖቹ በመጀመሪያ ተሸንፈው በመጨረሻ የሚያሸንፉበት የኮሚክ ታሪክ ቅርጽ ከዚህ ሒሳብ በራሱ ይወጣል።

በነጥቡ የሚገዙት ነገሮች ብዙ ናቸው። ከመሪው ፍንጭ መጠየቅ ይቻላል። ከድካም ወይም ከመደንዘዝ ማገገም ይቻላል፤ ጀግናው ከአቅሙ በላይ ታግሎ የሚመጣበትን ድካም በአንድ ነጥብ ማጥፋት የታወቀ ዘዴ ነው። በትዕይንቱ ላይም ትንሽ ነገር መጨመር ይፈቀዳል። ለምሳሌ ቃሊቲ አካባቢ በሚገኝ መጋዘን ውስጥ የእሳት ባላንጣ የገጠመው ተጫዋች ግድግዳው ላይ የውኃ ጎማ አለ ብሎ ነጥብ ሊከፍል ይችላል፤ መሪው ግን የመከልከል መብት አለው።

ከሁሉም የሚዘወተረው እንደገና መጣል ነው። ተጫዋቹ ሃያ ገጽ ያለውን ዳይስ ደግሞ ይጥላል። ሁለተኛው ውጤት ከ1 እስከ 10 ከሆነ 10 ይደመርበታል፣ ከ11 በላይ ከሆነ እንዳለ ይወሰዳል። ስለዚህ ሁለተኛው ውጤት ከ11 በታች ሊሆን አይችልም።

በክረምት የአቃቂ ወንዝ ሞልቶ አንድ ሚኒባስ ከድልድዩ ጠርዝ ተንሸራተተ እንበል። የክብደቱ ቁጥር 20፣ የጀግናዋ የጉልበት ተጨማሪ 5 ነው፤ ዳይሱ 15 ወይም ከዚያ በላይ ማውጣት አለበት። ተጫዋቿ 4 ጣለች። ነጥቧን አውጥታ ደግማ ስትጥል 6 ወጣ፤ 10 ሲደመርበት 16፣ ከጉልበቷ ጋር 21 ይሆናል። ሚኒባሱ ተያዘ።

በዚህ ምሳሌ ያለ ነጥብ የመሳካት ዕድሉ 30 በመቶ ነበር። 10 ሳይደመር እንዲሁ ደግሞ መጣል ቢፈቀድ ወደ 51 በመቶ ያደርሰዋል፤ በ10ሩ ጭማሪ ግን 72 በመቶ ይሆናል። 11 ብቻ ለሚያስፈልገው ሰው 50 በመቶ የነበረው መቶ በመቶ ይሆናል፣ ማለትም ነጥቡ ድሉን ይገዛለታል። 20 ለሚያስፈልገው ግን 5 በመቶ የነበረው ወደ 14.5 በመቶ ብቻ ያድጋል። ጀማሪዎች ነጥባቸውን የሚያወጡት አብዛኛውን ጊዜ በዚህ በመጨረሻው ዓይነት ሁኔታ ነው፤ ከሒሳቡ አንጻር መጥፎ ግዢ ነው። ከዚህ ይልቅ ሌላ ነገር በትዕይንቱ ላይ መጨመር ወይም ድካምን ማጥፋት ይሻላል።

ከዚህ ነጥብ ጋር የሚምታታ «ዕድል» የሚባል የጀግና ችሎታም አለ። በእያንዳንዱ ደረጃው በአንድ ጀብዱ አንዴ እንደገና መጣል ይፈቅዳል፣ በአንድ ዙር ግን ከአንድ ጊዜ በላይ አይሠራም። ደረጃውም ከጨዋታው የኃይል መጠን ግማሽ መብለጥ የለበትም፤ የኃይል መጠኑ 10 በሆነ ጨዋታ የበላዩ 5 ነው። ጀግናው በመከራ ነጥብ ቢያገኝም ይህ ችሎታ የሚታደሰው በአዲስ ጀብዱ ብቻ ነው። ነጥብን ለሌላ ሰው ውርወራ ማውጣት የሚችለው ደግሞ ዕድልን የመቆጣጠር ልዩ ኃይል የገዛ ጀግና ብቻ ነው።

የጊዜ ገደብ

በደንቡ መሠረት ነጥቡ የሚወጣው መሪው የመጀመሪያውን ውርወራ ውጤት ከማሳወቁ በፊት ነው። ተጫዋቹ የወጣውን ቁጥር ያያል፣ የሚያስፈልገውን ግን በእርግጠኝነት ላያውቅ ይችላል። 14 ያወጣ ሰው መጨነቁ ከዚህ ይመጣል፤ ምናልባት በቂ ነው፣ ምናልባትም አይደለም። ጨዋታው በኮምፒውተር ሲካሄድ ይህች ቅጽበት በቀላሉ ትጠፋለች፤ ፕሮግራሙ ድምሩን ከክብደቱ ጋር አነጻጽሮ «አልተሳካም» ብሎ ወዲያው ሊጽፍ ይችላልና። መፍትሔው የክብደቱን ቁጥር ከፕሮግራሙ ውጭ ማስቀመጥ ነው፤ መሪው ቁጥሩን ለብቻው ይዞ ተጫዋቹን «ታወጣለህ?» ብሎ ከጠየቀ በኋላ ውጤቱን ይናገራል።