ባለቤት ሁሉ አድራጊ ነውን?

ኦነሲሞስ ነሲብ የተወለዱት በኢሉባቦር፣ በሑሩሙ አካባቢ ነው። በልጅነታቸው በባርነት ስለ ተወሰዱ፣ በቋንቋ ሥራቸው አስቴር ጋኖ ብዙ ረድተዋቸዋል። የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ እ.ኤ.አ. በ1899 በግዕዝ ፊደል ታተመ።

በመቱና በኖፓ ዛሬም የሚነገረው ይኸው ቋንቋ ምልክት የሚያደርገው በባለቤቱ ላይ ነው። ሰው ባለቤት ሲሆን «ነምኒ» ይባላል፤ ተሳቢ ሲሆን ግን በመነሻ መልኩ «ነመ» ሆኖ ይቀራል። አማርኛ በአንጻሩ ባለቤቱን እንዳለ ትቶ በታወቀው ተሳቢ ላይ «ን» ይጨምራል፤ «ሰውየው ውሻውን መታው» እንዲሉ። እንግሊዝኛ ስሞቹን ሳይለውጥ ባለቤቱን ከግሱ በፊት፣ ተሳቢውን ከግሱ በኋላ ያስቀምጣል።

ይህ ሁሉ የቅርጽ ጉዳይ ነው። ፍቺ ግን ከቅርጽ ጋር ሁልጊዜ አይሄድም። «ራበኝ» ስንል የተራበው ሰው የሚታወቀው በተሳቢው ምዕላድ በ«ኝ» ነው፤ እንግሊዝኛ ይህንኑ ሰው ባለቤት ያደርገዋል። ረኃቡ አንድ ነው፤ በሁለቱም ሰውየው ያደረገው ነገር የለም። «በሩ ተከፈተ» በሚለውም በሩ ባለቤት ነው እንጂ ከፋች አይደለም። ስለዚህ «ባለቤት ድርጊቱን የሚፈጽም ነው» የሚለው የትምህርት ቤት ብያኔ አያስኬድም።

የግዕዝ ሊቃውንት አድራጊ፣ አስደራጊ፣ ተደራጊ፣ ተደራራጊ፣ አደራራጊ ሲሉ የሰየሙት የግሱን አዕማድ ነው። «አድራጊ» በዚህ ስለ ተያዘ፣ በእኛ አስተያየት «ባለቤት» ለሰዋስዋዊው ሙያ ብቻ ቢቀር፣ ለፍቺው «ድርጊት ፈጻሚ» ቢባል ይሻላል። ሁለቱ በመዝገበ ቃላት በአንድ ፍቺ ሥር ከገቡ፣ «ራበኝ»ን ወደ እንግሊዝኛ የሚመልስ ተርጓሚ ረኃቡን ባለቤት አድርጎ ይጽፋል።