ኤሲውን ማን ገደለው?

ባለፈው በጋ አንድ ወዳጄ ወደ ሎጊያ ሲሄድ አብሬው ተጓዝኩ። ፒካፕ መኪናውን በቅርቡ አሳምሯታል። ከፊት ወፍራም ብረት፣ ከብረቱ ላይ ረድፍ መብራት። አዲስ አበባ ላይ ኤሲ የሚከፍት ስለሌለ ችግሩን ማንም አላየውም። መተሐራን አልፈን አዋሽ ስንደርስ ግን ከኤሲው የሚወጣው አየር ከውጭው ሙቀት የሚለይ አልነበረም።

መንገድ ላይ ያገኘነው መካኒክ ጎንበስ ብሎ አየና ሳቀ። የፊቱ ብረት የታሰረበት ቡሎን በመንገዱ ንቅናቄ ኮንደንሰሩን እየፈተገ አንድ ቦታ በስቶታል። ጋዙ በዚያች ቀዳዳ ይወጣል። ከጋዙ ጋር ደግሞ ኮምፕሬሰሩን የሚያለሰልሰው ዘይት አብሮ ይወጣል። ወዳጄ ከዚያ በፊት ሦስት ጊዜ «ጋዝ ሙሉልኝ» ብሎ ከፍሏል፤ ዘይቱን ያሰበ ግን አልነበረም። መጨረሻ ላይ ኮምፕሬሰሩ ደርቆ ተነከሰ። ብረቱን የሸጠለትና የገጠመለት ሰው ገንዘቡን ከተቀበለ ቆይቷል። ዕዳው የወዳጄ ሆነ።

ይህ የአንድ ሰው ገጠመኝ ይመስላል። ታሪኩ ግን የመኪና ኤሲን ያህል ዕድሜ አለው። (ከዚህ በታች ያሉት ዘመኖች በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

የሚገርመው፣ የመኪና ኤሲ ራሱ ሲወለድ ተቀጽላ ነበር። በ1939 ፓካርድ የተባለው የአሜሪካ መኪና አምራች ለ1940 ሞዴሎቹ ማቀዝቀዣ አቀረበ። መኪናው ከፋብሪካው ከወጣ በኋላ ወደ ክሊቭላንድ ተልኮ በሌላ ድርጅት ይገጠምለት ነበር። ማቀዝቀዣው የኋላውን የዕቃ ቦታ ግማሽ ያህል ይይዛል። ኮምፕሬሰሩ ክላች ስላልነበረው ሞተሩ እስከሠራ ድረስ እሱም ይሠራል። ኤሲ ለማጥፋት መኪና አቁሞ፣ ሞተር አጥፍቶ፣ ኮፈን ከፍቶ ቺንጋውን በእጅ ማውለቅ ያስፈልግ ነበር። ፓካርድ ነገሩን ከ1941 በኋላ ተወው። ማቀዝቀዣው ከመኪናው አካል ጋር ተዋሕዶ በተመጣጣኝ ዋጋ የቀረበው ናሽ የተባለው አምራች በ1954 ማሞቂያውንና ማቀዝቀዣውን አንድ ላይ አድርጎ ሲያመጣ ነው። ትምህርቱ ግልጽ ነበር፤ ኤሲ ዕቃ ሳይሆን ሥርዓት ነው። ጋዙ፣ ዘይቱ፣ ቱቦው፣ ኮንደንሰሩና የሚነፍስበት አየር ተለክተው አብረው የሚኖሩ ናቸው።

ትልቁ ፈተና የመጣው ግን ከዓመታት በኋላ ነው። የመኪና ኤሲዎች ለአሥርት ዓመታት የሠሩት በ1928 በጄኔራል ሞተርስ ሥር በቶማስ ሚድግሌይና በባልደረቦቹ በተፈጠረው አር-12 ጋዝ ነበር። በ1974 ሞሊናና ሮውላንድ የተባሉ ሳይንቲስቶች ይህ የጋዝ ዘር የኦዞን ሽፋንን እንደሚጎዳ አሳዩ። በ1987 የሞንትሪያል ስምምነት ተፈረመ፤ ኢትዮጵያም በ1994 ተቀላቀለች። አሜሪካ ከ1995 መጨረሻ በኋላ አር-12 ማምረት አቆመች። አዳዲስ መኪኖች ወደ አር-134ኤ ተሻገሩ።

የአሮጌዎቹስ ዕጣ? አር-12 ሲወደድ አንዱ በኮንትሮባንድ ማስገባት ጀመረ፤ ሌላው ርካሽ የመቀየሪያ ዕቃ ገዝቶ አዲሱን ጋዝ በአሮጌው ኤሲ ሞላ። ፕሮፔን መሰል ተቀጣጣይ ጋዝ እስከ መሙላት የደረሰም ነበር። ቅያሪው በሥርዓቱ ሲሠራ ለዓመታት አገልግሏል። ችግሩ በአቋራጭ ሲሠራ ነው። አሮጌው የማዕድን ዘይት ከአር-12 ጋር ይዋሐዳል፤ ከአር-134ኤ ጋር ግን አይዋሐድም። ስለዚህ ዘይቱ ከጋዙ ጋር ዞሮ ወደ ኮምፕሬሰሩ መመለሱን ያቆማል። በየጥጉ ይቀራል። ኮምፕሬሰሩ ይደርቃል፣ ይነከሳል፣ ብናኝ ብረቱም በቱቦው ተጉዞ ሌላውን ክፍል ይዘጋል። በዚያ ላይ አዲሱ ጋዝ በሙቀት ጊዜ ግፊቱ ከፍ ስለሚል፣ ለአሮጌው ጋዝ የተለካው ኮንደንሰር አንዳንዴ አይበቃውም። «ርካሽ» የተባለው ቅያሪ ሙሉ ኤሲ በላ።

ይህን ሁሉ ለምን አነሳሁት? እኛም ዛሬ ተመሳሳይ መሻገሪያ ላይ ስለሆንን ነው። ከ2024 ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖችን ወደ አገር ማስገባት ተከልክሏል። በዚህ የተነሳ አሮጌዎቹን እየጠጋገንን ረጅም ዘመን እንነዳቸዋለን። በሌላ በኩል የኤሌክትሪክ መኪኖች በየመንገዱ በዝተዋል። በእነዚህ ብዙዎቹ ላይ ኤሲው የሰው ምቾት ብቻ አይደለም፤ ባትሪውንም የሚያቀዘቅዘው እሱ ነው። ኮምፕሬሰሩ የሚዞረው በከፍተኛ ቮልቴጅ ሲሆን ለዚሁ ተብሎ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ልዩ ዘይት ይፈልጋል። ለነዳጅ መኪና የለመድነውን ዘይት ጨምረንበት ኮረንቲ ቢያልፍ፣ የሚጎዳው ቅዝቃዜው ብቻ ሳይሆን መኪናው ነው። የፊት ብረትና መብራት አየሩን ሲያፍኑም በሙቀቱ የሚጎዳው ተሳፋሪው ብቻ አይሆንም፤ ባትሪውም አብሮ ይጎዳል።

መኪና ማሳመርን የምቃወም ሰው አይደለሁም። የፓካርድ ታሪክ እንደሚያሳየው ፋብሪካም ይሳሳታል፤ ኤሲም ራሱ ጭማሪ ሆኖ ነው የጀመረው። የምቃወመው ሳይለኩ መጨመርን ነው። ከፊት ብረት ከማሰራችሁ በፊት ከኋላው ምን እንዳለና አየሩ በየት እንደሚገባ ጠይቁ። ጋዝ ከማስሞላታችሁ በፊት ኮፈን ከፍታችሁ የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብቡ፤ የጋዙ ዓይነትና መጠኑ በግራም ተጽፏል። ጋዝ ያለቀው በምክንያት ነውና፣ ቀዳዳውን ሳይፈልግ የሚሞላላችሁን መካኒክ አመስግናችሁ ወደ ሌላ ሂዱ።

ወዳጄ አሁን መስኮት ከፍቶ ነው ሎጊያ የሚመላለሰው። ብረቱን ግን አላወለቀውም። «ያምራል እኮ!» ይለኛል።