አምስት በር፣ አራት አፍ

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ የሐረር ወግ ልነግራችሁ ነው። የጅቡን ነገር ግን ዛሬ አልነካውም። እሱን ጅብ ሲያበላ ፎቶ የተነሣ ሁሉ ይነግራችኋል። የኔ ወግ ሰው ከሰው ጋር ስላደረገው ነው።

ዘመኑ ታኅሣሥ 1847 ዓ.ም ነው። ሐረር በጀጎል ግንብ ውስጥ ናት፤ በ16ኛው መቶ ዘመን አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ ባሠሩት። አምስት በር አላት። በሮቹ ሲመሽ ይዘጋሉ፣ ሲነጋ ይከፈታሉ። ከገጠር ለገበያ የመጣ ሰው ጦሩን በር ላይ አኑሮ ይገባል። ክርስቲያን የገባባት ዕለት ከተማዪቱ ትወድቃለች የሚል ንግርትም ነበረ። እንግዲህ በዚህ ጊዜ ነው አንድ እንግሊዛዊ ብቅ ያለው፤ ሪቻርድ በርተን ይባላል።

ሰውዬው መንገዱን የጀመረው ዐረብ ነጋዴ መስሎ፣ ሐጂ ሚርዛ አብዱላህ ተብሎ ነው። ሐረር ሲቃረብ ግን መልኩ ቱርክ እያስባለ አላስቀምጥ አለው። ስለዚህ ልብሱን ሳይሆን ወሬውን ቀየረ፤ «እንግሊዝ ነኝ፣ ከኤደን የተላክሁ ነኝ» አለ። ደብዳቤም ይዟል። ደብዳቤውን የጻፈው ማን መሰላችሁ? ራሱ! አሚር አሕመድ አስገቡት፤ ይሁንና በከተማው የቆየባቸውን ዐሥር ቀናት እንግዳም እስረኛም ሆኖ ነው ያሳለፋቸው። ዐረብኛውን አቀላጥፎ ይናገራል። ኋላ ባሳተመው መጽሐፍ መጨረሻ ላይ የሐረሪ ቋንቋ ሰዋስውና ቃላት ሳይቀር አስገብቷል። ቋንቋ ይዞ ወጣ፤ አመኔታ ግን አላገኘም፤ ይገባውም አልነበረም። አፍ ማወቅ ለሰላይም ይጠቅማል፣ ወገኖቼ።

አሁን ሰውዬውን ተውትና በዚያው በር ጠዋት ላይ የምትገባውን ሴት እዩልኝ። ስሟን መጽሐፍ አልያዘውም። ከዙሪያው ገጠር የመጣች የኦሮሞ ሴት ናት፤ እንጨት ወይም ወተት ተሸክማለች። ከተማው እህሉም ማገዶውም ከግንቡ ውጭ ነው፤ ገጠሩ ደግሞ ጨውና ጨርቅ ከግንቡ ውስጥ ይፈልጋል። አሚሮቹ ይህን ስለሚያውቁ በዙሪያው ላሉት የኦሮሞ አለቆች ልብስ እየሸለሙ ይኖሩ ነበር። ከግንቡ ውስጥ ሆና ከዚያች ሴት የምትገዛው የሐረሪ እመቤት ግን ሽልማት ምን ያደርግላታል? ኦሮምኛ ተማረች። ልጆቿም ከሻጮቹ አፍ ሰሙና ለመዱት። ዛሬ ግድር መጋላ ገበያ ገብታችሁ ቁሙ፤ አንዲት ሐረሪ ነጋዴ አንዷን በኦሮምኛ፣ ሌላውን በሶማልኛ፣ እናንተን በአማርኛ አነጋግራ፣ መለስ ብላ ልጇን በሐረሪ ትቆጣለች። ዋጋ ስትከራከሩ ታሸንፋችኋለች፤ ይኼን ከወዲሁ እወቁት።

ወጉ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደስ ባለኝ። ግን በ1879 ዓ.ም የጨለንቆ ጦርነት አለ። የሐረሩ አሚር የአብዱላሂ ጦር በምኒልክ ጦር ተሸነፈ፣ ብዙ ሰው አለቀ፣ ሐረርም ተያዘች። መኮንን (ኋላ ራስ የተባሉት) አገረ ገዥ ሆነው ተቀመጡ። ፈረስ መጋላ በሚባለው አደባባይ ላይ የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ተተከለ። ከሸዋ የመጣው ሹምና ወታደር አማርኛን ይዞ ገባ፤ ያ አማርኛ ደግሞ መጀመሪያ የገባው የገበያ ቋንቋ ሆኖ ሳይሆን የትእዛዝ ቋንቋ ሆኖ ነው። ይህን በአማርኛ የምተርክላችሁ እኔ ካልተናገርሁት ማን ይናገረው?

የሐረሪ ቤት ገብታችሁ ታውቃላችሁ? ጫማችሁን አውልቃችሁ ነው የምትገቡት። ግድግዳው በስፌት ተሸፍኗል። ከፊታችሁ ነደባ የሚባሉ መደቦች፣ አምስት ናቸው፣ ከፍና ዝቅ ብለው ተደርድረዋል፤ ማን የት እንደሚቀመጥ ሥርዓት አለው። መደቡ በቀይ አፈር የተቀባ ነው። ያ ቀይ በጨለንቆ የፈሰሰውን ደም ማስታወሻ ነው ይባላል። እንግዲህ አስቡት። አማራው ጎረቤት ለቅሶ ሊደርስ ወይም እንኳን አደረሳችሁ ሊል ሲመጣ የሚቀመጠው እዚያ ቀይ ላይ ነው። ቡና ይቀርብለታል። ባለቤቱም ቀዩ የምን እንደሆነ ያውቃል፣ እንግዳውም ያውቃል፤ ወሬው ግን ስለ ልጆች ትምህርትና ስለ ውኃ መጥፋት ነው። እርቅ በስብሰባ አዳራሽ ብቻ የሚደረግ ለሚመስለው ሰው ይህን ቤት ባሳየሁት።

አስጎብኚዎች ጀጎል ውስጥ አንዱን ጠባብ መንገድ ያሳዩና፣ የተጣሉ ሰዎች እዚያ ከተገናኙ መተላለፊያ ስለሌላቸው ሳይታረቁ አይወጡም ይላሉ። ጥሩ ጨዋታ ናት። እኔን ብትጠይቁኝ ግን ከመንገዱ ይልቅ የሚያስታርቀው ሞት ነው። ሐረሪዎች አፎቻ አላቸው፤ የወንዱ ለብቻ፣ የሴቱ ለብቻ፤ ሠርግና ለቅሶን የሚሸከም ማኅበር ነው። አማራው ዕድር አለው። ጎረቤት ሲሞት የአፎቻውም የዕድሩም ሰው ደጃፉ ላይ ይገናኛል፤ ያን ጊዜ «አይዞህ» የሚለውን በሟቹ ቤተሰብ ቋንቋ ማለት የቻለና ያልቻለ ይለያል። የቻለው ሰው በዓመቱ ዱቤ ቢጠይቅ አይነፈግም።

ሁሉ ሰላም ነው ልላችሁ አልመጣሁም። ዩኔስኮ ሐረርን የሰላም ከተማ ብሎ ሸልሟታል፤ በ1998 ዓ.ም ደግሞ ጀጎልን በዓለም ቅርስነት መዝግቧል። ያችው ከተማ በሰኔ 2012 ዓ.ም፣ ዘፋኙ ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግስት፣ በፈረስ ላይ የተቀመጠው የራስ መኮንን ሐውልት ሲፈርስ አይታለች። ለአንዱ መሥራች አባት የነበረው ሰው ለሌላው ድል ያደረገው ገዥ ነበር፤ ሁለቱ ትዝታዎች ያን ያህል ዓመት አንድ አደባባይ ላይ ቆመው ሳይነጋገሩ ኖረዋል። ሽልማት ይህን አይሸፍነውም።

ቁጥሩንም ላስታውሳችሁ። በ1999 ዓ.ም ቆጠራ የሐረሪ ክልል ሕዝብ 183,415 ነበር፤ ከመቶ 56 ያህሉ ኦሮሞ፣ 23 ያህሉ አማራ፣ ሐረሪው 9 እንኳ አይሞላም። የክልሉ የሥራ ቋንቋዎች ሐረሪና ኦሮምኛ ናቸው፤ አማርኛው በመንገዱም በገበያውም አለ። በዚህ ሁሉ መካከል ብዙ አፍ የሚያውቀው ማን ነው ብላችሁ ብትጠይቁ፣ በቁጥር ያነሰውና በገበያ የኖረው ነው። ጥቂት የሚያውቀው ደግሞ፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ እኔን መሰሉ አማርኛ ተናጋሪ ነው፤ ሁሉም ወደ እሱ ስለመጣለት መሄድ አላስፈለገውም።

ስለዚህ ሐረር የምትኖር፣ ወይም ነገ በሸዋ በር የምትገባ ወንድሜ፣ እህቴ ሆይ፤ ከማን ምን እንደምትገዛ ታውቃለህ፣ ጎረቤትሽ ማን እንደሆነች ታውቂያለሽ። የሰላምታውንና የለቅሶውን ያህል እንኳ ከእነርሱ ተማሩ። ሻጯ ስትሳሳቱ ትስቅባችኋለች፤ ሳቋን ችላችሁ ነገም ተመለሱ።